ለፈረሰ ሆቴል ስንት ኮከብ ይሰጣል?

ባለፈው ወር ለዘመድ ሠርግ ኮምቦልቻ ሄጄ አንድ አዲስ ሆቴል ያዝኩ። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ሕንፃው ረጅም ነው፣ መስታወቱ ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ ሊፍትም አለው። ሁለት ሌሊት አደርኩ፤ ሁለቱንም ቀን አራተኛ ፎቅ የወጣሁት በእግሬ ነው። ሪሴፕሽን ላይ ለተቀመጠችው ልጅ "የኔ እናት፣ ወንዙ የሚታይበት ክፍል ካለሽ እሱን ስጪኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"የቱ ወንዝ?"

ቦርከና ከሆቴሉ አጥር ጀርባ ሁለት መቶ ሜትር አይሞላም። ልጅቷ ላይ አልፈርድም። በረንዳዎቹ በሙሉ ወደ አስፋልቱ ነው የሚያዩት፤ ምግብ ቤቱም፣ ካፌውም፣ የሠርግ አዳራሹም እንደዚያው። በኋላ ገባኝ እንጂ ወንዙ ለካ ከክፍሌ ይታያል። ከመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት፣ ያውም የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ ቆሜ ተንጠራርቼ።

እንግዲህ ይህ አስተያየት ስለዚያ ሆቴል አይደለም። ቁርሱ ጥሩ ነው፣ ዋይፋዩ ይሠራል፣ በዚህ ይብቃው። የምጽፈው እዚያው ወንዝ ላይ ስለነበረውና ዛሬ ስለሌለው ሆቴል ነው። የሌለ ሆቴል ላይ አስተያየት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ብዙ ሌሊት አድሬበት አንድም ቀን ሒሳብ አልከፈልኩም፣ ቢያንስ ይህ ዕዳ አለብኝ።

ስም ነበረው። በር ላይ ቆርቆሮ ተሰቅሎ በቀይ ቀለም ተጽፎበት ነበር፤ እኔ ፊደል ስቆጥር ግን ፀሐይ ግማሹን በልቶታል፣ ማንም በስሙ አይጠራውም። ሹፌሩም፣ ጋሪ ነጂውም፣ ፖስተኛውም "ወንዝ ዳሩ" ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው ልበለው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ መስመሩ አሰብ። ቤታችን ደሴ ነው። ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ሱቅ ስለምትውል እኔን የሚይዝ ሰው ይጠፋል፤ ታዲያ አባቴ ጋቢና ውስጥ ይጭነኝና ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ የወንዝ ዳሩ ባለቤት ዘንድ ይጥለኛል። እሱ አሰብ ደርሶ እስኪመለስ እኔ እዚያ ነኝ። ሁሉም "እቴቴ" ነበር የሚላት። እኛ ልጆቹ ግን አንቱ ነበር የምንላት፣ አንተ አንቺ ማለት በቁንጥጫ ያስቀጣል።

የዛሬ ልጆች ስለ አሰብ መንገድ ላያውቁ ይችላሉ። ጣልያን በአምስቱ ዓመት የሠራው መንገድ ነው፤ ከኮምቦልቻ ይነሳና በባቲ ወርዶ፣ በሚሌ አድርጎ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ቀይ ባሕር ይገባል። ለወሎና ከወሎ በላይ ላለው አገር የሚመጣው ብዙው ዕቃ በዚያ ነበር የሚመጣው። ጨው፣ ጨርቅ፣ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶ። ከአሰብ ማጣሪያ ነዳጅ የቀዱ ቦቴዎችም ነበሩ። በረሃውን ጎማ እንዳይፈነዳ ሌሊት ሌሊት ያቋርጡታል፣ ባቲን ይወጣሉ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነፋስ ያገኛቸዋል። አሁን ኮምቦልቻ ቀዝቃዛ ነው ብትለው የደሴ ሰው ይስቅብሃል። ከአሰብ ለመጣ ሰው ግን ገነት ነበር። ያውም ወንዝ ያለበት።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ምድር ላይ ያለ፤ 14 ክፍል በአንድ ረድፍ። በአስፋልቱ በኩል ብትመጣ የምታየው መስኮት የሌለው ግድግዳና አንድ የብረት በር ብቻ ነው፣ መጋዘን ትለዋለህ። በሩን አልፈህ ስትገባ ነው ነገሩ የሚገለጠው። አሥራ አራቱም በሮች ወደ ወንዙ ይከፈታሉ። ፊት ለፊታቸው ረጅም በረንዳ፣ ከበረንዳው ሥር ትልቅ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር ወደ ውሃው የሚወርዱ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃዎች። ቆጥሬአቸዋለሁ፣ እልፍ ጊዜ። አንድ ቀን እቴቴን ሆቴሉ ለምን ጀርባውን ለመንገድ ሰጠ ብዬ ጠየቅኋት።

"ልጄ፣ ሹፌር ሲነዳው የዋለውን መንገድ ደግሞ ተቀምጦ ሊያየው ነው?"

ይኼን ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ሄዳ አልተማረችውም። ባለአራት ፎቁን የነደፈው ሰው ግን በእርግጠኝነት ተምሯል።

አሁን እውነቱን ልናገር፣ አለበለዚያ ማስታወቂያ ይመስላል። አልጋው አይረባም ነበር። ሽቦው መሐሉ ላይ የረገበ ስለሆነ ሁለት ሰው ከተኛበት ጠዋት አንድ ሆነው ነው የሚነሱት። ፍራሹ ጥጥ ነው፣ ጥጡም በየቦታው ተቋጥሯል። ትኋን ነበር። ዋሸሁ ካላችሁ እዚያ ያደረ ሰው ፈልጉና ጠይቁ። ወንዝ ዳር ስለሆነ ትንኙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሲመሽ እንደ ጉም ነው የሚነሳው። አጎበር ያልነበረበት ዘመን ነው፤ ዘበኛው አባባ የከብት እበት በየበረንዳው ጫፍ እያጨሱ ነበር የሚያባርሩት፣ ትንኙም ይሄዳል፣ እንግዳውም ያስላል። ወባ የያዘው ሹፌር ብዙ ነው። ከአሰብ ይሁን ከወንዝ ዳሩ ያመጣው ግን ማንም አይጠይቅም። ለአልጋ ከአምስት አንድ፣ እሱም ለአንሶላው።

አንሶላው ንጹሕ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴቶቹ ደረጃውን ወርደው ድንጋይ ላይ እየወቀጡ ያጥቡታል፣ ከዚያ ቁጥቋጦው ላይ ይሰጣል፤ ማታ ስትተኛበት ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። አንዳንዱ ላይ የቅጠል ቅርጽ ታትሞ ይቀራል። እኔ የራሴን አንሶላ በቅጠሉ ነበር የምለየው።

ቁልፉ አስቂኝ ነው። ለአሥራ አራቱ ክፍል አሥራ አራት ቁልፍ አለ፣ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተንጠልጥሎበት። ችግሩ ሁሉም ሁሉንም ይከፍታል። ይህንን ሠራተኛውም፣ ሹፌሩም፣ ረዳቱም ያውቃል። ሆኖም አንድ ሌሊት አንድ ረዳት ተሳስቶ የሌላ ሰው ክፍል ገብቶ ከማያውቀው ሰውዬ ጎን ተኝቶ ካደረ በስተቀር አንድም ነገር ጠፋ ሲባል አልሰማሁም። ሽንት ቤት ከግቢው ጥግ ነው፣ የጋራ። ስለሱ ዝም ልበል። ሙቅ ውሃ የለም፤ መታጠብ ከፈለግህ ዘጠኙን ደረጃ ትወርዳለህ።

ወደ ምግቡ ልሂድ፣ እዚህ ላይ ዝም አልልም።

ሁለት ወጥ ቤት ነበር። አንዱ ከበረንዳው በላይ በኩል፣ አንዱ ከበታች በኩል። የላዩ የክርስቲያን ሥጋ፣ የታቹ የእስላም ሥጋ። የወሎ ሰው ይህንን ለማስረዳት አይቸገርም፣ ሌላው አገር ግን ይገርመዋል። አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሲቀበል ሃይማኖትህን አይጠይቅህም። "የላይ ነው የታች?" ብቻ ነው የሚልህ። ከዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ይጮሃል፦ "አንድ ጥብስ የላይ! ሁለት ቅቅል የታች!" ቢላዋው ለየብቻ ነው፣ ድስቱ ለየብቻ ነው፣ ሽንኩርቱ ግን የጋራ ነው። ሁለቱ ወጥ ሠሪዎች ከዋርካው ሥር አንድ ሳፋ መሐል አስቀምጠው አብረው ይከትፋሉ፤ ሲያለቅሱ አብረው፣ ሰው ሲያሙ አብረው። እኔ እንኳን ቅዳሜ የላይ በልቼ እሁድ የታች እሞክር ነበር፣ ልጅ ነኝ ማን ያየኛል ብዬ። ያዩኛል። የታቿ እናት "ሂድ ወደ ላይህ!" ብላ ካባረረችኝ በኋላ ሥጋ የሌለበትን ድንች በእንጀራ ጠቅልላ ትሰጠኛለች።

ቅቅሉን ካልነገርኳችሁ ግፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የነዳ ሹፌር ጠዋት የሚፈልገው ቅቅል ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እሳት ላይ የሚጣደው። አጥንቱ ከሥጋው ተላቆ፣ መረቁ ላይ ቃሪያ ተቆርጦበት፣ በትልቅ የሸክላ ሳህን ይመጣል፤ መጀመሪያ መረቁን ፉት ትላለህ፣ ግንባርህ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ ነው ወደ እንጀራው የምትሄደው። አባቴ እስከ ዛሬ ቅቅል ባዘዘ ቁጥር ማንኪያውን አስቀምጦ "አይ፣ ይሄ ውሃ ነው" ይላል። አዲስ አበባ ያልበላበት ቤት የለም። ሁሉም ውሃ ነው።

በጾም ቀን ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ይኖራል፣ ጠዋት ተጠምዶ በአይሱዙ የመጣ። የተጠበሰውን ከነአጥንቱ ነው የሚያቀርቡት፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። ፓስታም ነበር፤ ጣልያን መንገዱን ሠርቶ ሲሄድ ፓስታውን ትቶልን ነው የሄደው። የወንዝ ዳሩ ፓስታ ግን ከመጠን በላይ የበሰለ፣ ስጎው በርበሬ የበዛበት፣ ጣልያን ቢያየው ደግሞ ደጋግሞ የሚያዝን ነበር። በእጅህ በእንጀራ ጠቅልለህ ነው የሚበላው። ጣፋጭ ነበር፣ ምን ላድርግ። ብርቱካን ከመርሳ በኩል ይመጣል። ተምሩ የሹፌሮቹ ነው፣ ከአሰብ በጆንያ ያመጡታል። ረመዳን ሲገባ እቴቴ ያንን ተምር ታስቀምጥና ማታ አዛን ሲል በረንዳው ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ሦስት ሦስት ፍሬ ታድላለች፤ ላልጾመውም። "አብሮ የተቀመጠ አብሮ ያፍጥር" ትላለች። የላይ ወጥ ቤት ሴትዮም ያን ሰሞን ከታቿ ጋር ሆና ሳምቡሳ ስትጠቀልል ታመሻለች።

ለምግብ ከአምስት አምስት። ፓስታውን ጨምሮ።

ቡናው ከዋርካው ሥር ነው የሚፈላው። ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ እኔ እስከማስታውሰው ድረስ። ቸኩሎ የሚጠጣ ሰው የለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱም ሳይደርስ የሚነሳ ሰው ይታማል። ከምሳ በኋላ ጫት የሚቅመው ከደረጃው አጠገብ ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። የወንዙን ድምፅ የምትሰማው ያኔ ነው። በበጋ ይንሾካሾካል፣ በክረምት ያጓራል። እኔ ከደረጃው አራተኛዋ ላይ እቀመጥ ነበር፣ እግሬ ውሃ የሚነካው እዚያ ላይ ነው። ታዲያ ከጀርባዬ ሃያ ሰው ተቀምጦ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያያል። ቴሌቪዥን የለም፣ የሚታየው ውሃ ነው። ሰዎቹ ይህን ሁሉ ሰዓት ምን ያያሉ እያልኩ እገረም ነበር። አሁን ዕድሜዬ አርባ ሰባት ሆኖ፣ በተራዬ ስልኬን ሳይ ስውል፣ ያ ይሻል ነበር መሰለኝ።

ማታ ማታ አንዳንዴ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይመጣል። አንድ ሹፌር ባቲን ያዛል፣ ሌላው አምባሰልን። አንድ ጊዜ አንዱ ከሐረር የመጣ እንግዳ "ቅኝት ሁሉ በእናንተ አገር ስም መጠራት አለበት እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ ዘበኛው አባባ "ትዝታውን ለናንተ ትተንላችኋል" አሉት። ያን ጊዜ አልገባኝም፣ ሰው ሲስቅ አብሬ ሳቅሁ።

በ77ቱ ድርቅ ሰባት ዓመቴ ነበር። የዚያን ጊዜ ባቲ ላይ ከከተማው አጠገብ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ ነበር፤ እህል ጭኖ ከአሰብ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ወንዝ ዳሩ ሲደርሱ የሚበላ ሰው የለም። አባቴ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ አስተናጋጁ መጥቶ የላይ ነው የታች አይልም። ያን ሰሞን ጥሪው ቆሞ ነበር። እቴቴ ራሷ አጥሚት በብርጭቆ ይዛ ትመጣና አጠገባቸው ታስቀምጣለች፣ ሳትናገር ትሄዳለች። ቢጠጡትም ባይጠጡትም ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እኔን ደግሞ ከበረንዳው ወደ ጓዳ ትወስደኛለች። ጥሩ አገልግሎት ምንድን ነው ስባል እስከ ዛሬ የሚመጣልኝ ያ ብርጭቆ ነው።

ደግሞ ጎርፉ አለ። ነሐሴ ላይ ነው፣ ዓመቱን ሰዎቹ ራሳቸው ይከራከሩበታል። ደሴ በኩል ሲዘንብ ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል፤ ቦርከና የሚነሳው ከላይ ከደሴ አካባቢ ስለሆነ ውሃው ሳታስበው ነው የሚመጣብህ። ሌሊት ዘበኛው አባባ "ተነሱ! ወንዙ ደረጃ እየወጣ ነው!" እያሉ በየበሩ ሲደበድቡ ነቃሁ። አባባሉ አሳቀኝ፣ ወንዝ እንደ ሰው ደረጃ ሲወጣ። ወጥቼ ሳይ ግን እውነትም እየወጣ ነበር። አራተኛዋ ደረጃ የለችም፣ ሰባተኛዋም የለችም፣ ጥቁር ውሃ ግንድ ተሸክሞ በበረንዳው ጫፍ ያልፋል። ሹፌሮች በውስጥ ልብስ ብቻ እየሮጡ የጤፍ ጆንያ ይሸከማሉ፣ የላይዋና የታቿ ሴቶች ድስት ይቀባበላሉ። ያን ሌሊት የማን ድስት የማን እንደሆነ የለየ ያለ አይመስለኝም። እኔን አባቴ ጋቢና ውስጥ ቆልፎብኝ በመስኮት ነው ያየሁት። ሲነጋ ውሃው ወርዷል። ከዋርካው ሥር የነበሩት ወንበሮች በሙሉ ሄደዋል። እቴቴ ጭቃው ውስጥ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ታች ወደ ታች አየችና "በቃ፣ ወንበራችን ከሚሴ ደርሷል። ወንድም የለኝም፣ እዚያ ገበያ ሄዶ መልሶ የሚገዛልኝ!" አለች። ቦርከና በከሚሴ አልፎ ነው አዋሽ የሚገባው። ከሚሴ የሚሄድ ሹፌር ሁሉ ለዓመታት "እቴቴ፣ ወንበርሽን አየሁት፣ ደህና ነኝ ብሎሻል" ይላት ነበር።

ያንን ቤት ታዲያ ጎርፍ አልወሰደውም። የወሰደው መንገዱ ነው።

በ1989 የአሰብ ማጣሪያ ሥራ አቆመ፣ ቦቴዎቹ ቀሩ። በዓመቱ ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀመረ። አሰብ ተዘጋ፣ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አባቴ አሰብ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሰጠው ሱሪ ነበረው። በሚቀጥለው ጉዞ ሊረከበው ነበር፣ ቀብድ ከፍሎበታል። መስከረም 2011 በአፋሩ ቡሬ በኩል ድንበሩ ሲከፈት ቴሌቪዥን ላይ ያየነው አብረን ነው። ወደ እኔ ዞሮ "አሁንስ ይጠበኛል" አለኝ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመልሶ ተዘጋ።

ወንዝ ዳሩ ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ቆሟል። ግን አሥራ አራት ክፍል ኖሮህ ሦስቱ ከተያዘ ሁለት ወጥ ቤት አታቆምም። መጀመሪያ አንዱ ተዘጋ፣ የትኛው እንደሆነ ብነግራችሁ የሚያኮርፍ ይኖራል። ከዚያ ቅቅሉ ቀረ፣ ለሦስት ሰው ተብሎ በሬ አይታረድም። ወንዙም ተለወጠ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነው። ይህን በክፉ አላወራውም፣ የአክስቴ ልጆች እንጀራቸው ከዚያ ነው። ሐምሌ 2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ነገር ግን የከተማው ፍሳሽ በሌዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል፤ እኔ እግሬን የምነክርበት ውሃ ቀለም ያመጣ ጀመር፣ ሽታም። አንሶላ ማጠቡ ቆመ። ወንዙ ሲሸት ፊቱን ወደ ወንዝ ያደረገ ሆቴል ምን ይሆናል? ባለአራት ፎቁ ጀርባውን ለምን እንደሰጠ ሳስብ እዚህ ላይ ስደርስ ትንሽ ይቅር እለዋለሁ። ትንሽ ብቻ።

እቴቴ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ሸጡት፣ የገዛው አፈረሰው። ሁለት ፎቶ ነበረን፣ ደሴ ቤታችን ውስጥ። በ2014ቱ ጦርነት ከሌላው ዕቃ ጋር አብረው ጠፉ። እና የጻፍኩትን የሚያረጋግጥልኝ ወረቀት የለኝም።

ከሠርጉ ማግስት ቦታውን ፈልጌ ሄድኩ። አሁን ላቫጆ ሆኗል። ዋርካው አለ፣ ቅርንጫፉ በአንድ በኩል ተቆርጧል። ሲኖትራኮች ተሰልፈው ይታጠባሉ። ከደረቅ ወደቡ የሚመጡ ናቸው፤ መኪና ለካ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሷል። አንዱን ሹፌር "የት ነው የምታድረው?" አልኩት፤ በአውራ ጣቱ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን አልጋ አሳየኝ። ፍራሹ ከወንዝ ዳሩ ፍራሽ ይሻላል፣ እግዜር ያሳያችሁ። ደረጃው ጭቃ ተከምሮበታል፣ በእግሬ እየገፋሁ ስፈልግ ሦስቱን አገኘኋቸው። አንድ የሚያጥብ ልጅ ቱቦውን እንደያዘ መጣ።

"ጋሼ፣ መኪናዎ የቱ ነው?"

"መኪና የለኝም። ትንሽ ልቀመጥ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ሄዶ የቢራ ሳጥን ይዞ መጣ፣ ገልብጦ አስቀመጠልኝ። እኔ ሳልነግረው ወደ ወንዙ አዙሮ ነው ያስቀመጠው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሳጥኑ አሥር ብር ነው፣ ልጁ ሃያ ቢላችሁ ተከራከሩ። ቡና የለም። ጠዋት አትሂዱ፣ ሽታው ይበረታል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደዚያ ማዶ ይወስደዋል። ከተቻለ ነሐሴ ላይ ሂዱ፣ ዝናብ ካጠበው ውሃው የድሮ ቀለሙን ይይዛል፣ ድምፁም ይሰማል። ግን ሳጥኑን ከዋርካው በላይ አስቀምጡት።